ከመጨረሻው ስም በኋላ

ለተጊዮርጊስን የማውቃት ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስንሠራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ፈረቃ ገብተን ወጥተናል፤ እሷ ክር ታጠነጥናለች፣ እኔ ጠርዝ እሰፋለሁ። በማሽኑ ጩኸት መካከል መነጋገር ስለማይቻል የምንግባባው በዓይን ነበር። ለቴ እንላታለን። ወሬ አታበዛም፤ ከነገረችሽም አትጨምርም አትቀንስም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። አሁን የምተርከውን ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

አባቷ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ይባላሉ። ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብላ አፋፉ ላይ በተቀመጠች ቀበሌ አርባ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። አንድ የታወቀ ጠባይ ነበራቸው። ሌላው ሰው ከሐዋርያው መልእክቶች የሚወደው ስለ ፍቅር ወይም ስለ ትንሣኤ የተጻፈውን ነው፤ እርሳቸው የሚወዱት መጨረሻውን ነው። በተለይ ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከው መልእክት የሚዘጋበትን ምዕራፍ፤ ለእገሌ ሰላም በሉልኝ፣ ለእገሊትም፣ እገሌም ሰላም ይላችኋል እያለ ስም በስም ላይ የሚደረድረውን። ተማሪዎቻቸው እዚያ ሲደርሱ ማዛጋት ይጀምራሉ። መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጉና፣

«ቀስ በል!» ይሉ ነበር። «እስካሁን ያለው ለሁሉም ነው፤ ለእኔም ለአንተም። ይኼ ግን ለሰውየው ነው። ሰውየው ከማኅበሩ መካከል ቁጭ ብሎ ሲሰማ ቆይቶ ድንገት የገዛ ስሙ ሲጠራ ምን እንዳረገው አስበኸዋል? ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ስሙ መጣለት!»

ስለ ጸሐፊው ሲያወሩማ ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር። ሌላው ሲናገር እየሰማ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ አላስችል ብሎት እኔም ሰላም ብያለሁ ብሎ ስሙን ስላስገባው ጸሐፊ። ደግሞም ከሁሉም በኋላ ስለሚመጣው፣ «ወንድማችን» ከመባል በቀር ምንም ስላልተባለለት ሰው። «ሥራው አይታወቅ፣ አገሩ አይታወቅ» ይላሉ። «ወንድም ነው። በቃ።»

መሪጌታ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ታላቂቱ ለቴ፣ ታናሹ አንዳርጌ። አንዳርጌ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ጀምሮ ተወው፤ መሬት ፍለጋ ወለጋ ወረደ፤ እዚያው አግብቶ ወለደ። ከመንገዱ ርቀት የተነሣ አልተጠያየቁም፤ በስልክ ብቻ ነበር የሚገናኙት፤ ያውም ኔትዎርክ ሲኖር። ከአምስት ዓመት በፊት በዚያ አገር መዓት ወርዶ ሰው ሲበተን ስልኩ ጠፋ። የተፈናቀሉት በየአውቶቡሱ ተጭነው ደብረ ብርሃን ሲገቡ፣ ለቴ ከፈረቃ በወጣች ቁጥር መጠለያው በር ላይ ትቆም ነበር። እኔም አብሬያት ቆሜ አውቃለሁ። የአንዳርጌን ስም ያወቀ አልተገኘም። መሪጌታ ግን ፍታት አይደረግለትም አሉ። «ሬሳውን ያየ የለም» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲያነሱ የሰማ ሰው የለም።

ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አምና በሚያዝያ ደግሞ ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው ተያዘ፣ ንግግራቸው ተዘጋ። ለቴ ሥራዋን ለቅቃ ልታስታምማቸው አንኮበር ገባች።

አንኮበርን የሚያውቅ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ከወደ ቆላው በገደሉ ሥር ይነሣና ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አፋፉን ይወጣል። እንደ ደመና ከላይ አይወርድም፤ እንደ እንግዳ በእግሩ የሚመጣ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ከታች ያለው ባሕር ዛፍ ይጠፋል፣ ከዚያ የጎረቤቱ ጣሪያ፣ ከዚያ የገዛ ግቢሽ አጥር። ሰው ሲመጣ ኮቴው ይሰማሻል፣ ፊቱ ግን አጠገብሽ እስኪደርስ አይታይሽም። ለቴ በዚያ ሰዓት ሥራ ስለማትሠራ መጽሐፉን ከፍታ ለአባቷ ታነብ ጀመር። ምን ማንበብ እንዳለባት አልጠፋትም።

መጀመሪያ ያነበበች ቀን ነው። ለስድስት ወር ከማጓራት በቀር ድምፅ ያልወጣቸው ሰውዬ፣ ስሞቹ ጋ ስትደርስ ተቀበሏት። ቃሉ አልተኮላተፈም። ዓይናቸው ወደ ጣሪያው እንደተንጋጠጠ፣ ያ ጉባኤ ያስተማሩበት የጎልማሳ ድምፅ፣ አንድ ስም ሳይዘል እስከ ወንድማችን ድረስ ወጣ። ለቴ እያለቀሰች መጽሐፉን ልታጥፍ ስትል አባቷ አላቆሙም።

«ኪዳነ ማርያምም ሰላም ይላችኋል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብትጠይቃቸው፣ ብትነካካቸው፣ ተመልሰው ያው ድዳ ናቸው።

ኪዳነ ማርያም የመሪጌታ የልጅነት ጓደኛ ነው። እርጅና ሲጫነው ለሚ ከተማ ያለችው ልጁ ዘንድ ሄዶ ነበር። ለቴ ናፍቀውት ይሆናል ብላ ተወችው። በሦስተኛው ቀን የለሚ ዘመዶች መርዶ ይዘው መጡ። ሰውዬው ያረፈው ማክሰኞ ጧት ነው። ለቴ ያነበበችው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«አጋጣሚ ነው አልኩ» አለችኝ። «አንቺስ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ሁለተኛዋ ዘርትሁን ናት፤ ከላይ ያለችው ጎረቤታቸው፣ ለቀዶ ሕክምና ደብረ ብርሃን የተወሰደች። መሪጌታ ከመጨረሻው ስም በኋላ «ዘርትሁንም ሰላም ትላችኋለች» አሉ። ለቴ መጽሐፉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። ብዙም ሳይቆይ በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ፣ የማን ቤት እንደሆነ ሳይለይ፣ ሴት ጮኸች። ከዚያ ሌላ ሴት ተቀበለቻት።

ሦስተኛው ግን ለየት አለ። ገብረ ጻድቅ የሚባል የቀበሌው ሰው ጥጥ ለቀማ አፋር ወርዶ፣ አዋሽ ሞልቶ ወሰደው ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠውለታል። ሚስቱ ፀጉሯን ተቆርጣለች። በዚያ ሰሞን መሪጌታ ንባቡ ሲያበቃ እንዲህ አሉ፣

«ለገብረ ጻድቅ ሰላም በሉልኝ።»

ለቴ ልዩነቱን ልብ ያለችው ሌሊት ተኝታ ሳይሆን እዚያው ቁጭ ብላ ነው። በመልእክቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስም አለ። ሰላምታ የሚላክለት አለ፤ እርሱ ደብዳቤው የሚደርስበት አገር ያለ ነው። ሰላምታ የሚልክ አለ፤ እርሱ ከላኪው ጋር ነው። ኪዳነ ማርያምና ዘርትሁን ሰላም ይላሉ። ገብረ ጻድቅ ግን ሰላም ይባልለታል። በስሙ ፊት አንዲት «ለ» አለች።

በዘጠነኛው ቀን ገብረ ጻድቅ በእግሩ ቤቱ ገባ። ወባ ጥሎት አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከርሞ ነው። ሚስቱ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ አይታ ራሷን ሳተች። ከነቃች በኋላም ሙት አለመሆኑን እንድታምን ውሃ እስኪጠጣላት ድረስ አልነካችውም።

እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም። ሰው መምጣት ጀመረ። ልጇ በየመን በኩል የጠፋባት፣ ባሏ ከዘመተ ያልተመለሰላት፣ ሁሉም ጉሙ ሲነሣ ጠብቆ አጥሩን ይዞ ይቆማል። አይገቡም፤ ቆመው «ስም አለ?» ይላሉ። ለቴ የነገረችኝ ይህን ነው፦ ድምፁ ይሰማታል እንጂ ማን እንደሆነ አታይም፤ አንዳንዴ ጉሙ ሲገለጥ ከአጥሩ አጠገብ ማንም የለም። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ደጃቸውን ማለፍ ፈራ። ስሜን ያውቃሉ ብሎ መንገድ ቀየረ።

የአጥቢያው ቄስ ተስፋሚካኤል ሰምተው መጡ። የመሪጌታ ተማሪ ነበሩ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ለቴን አስነበቧት። ሌላ መልእክት ቢነበብ መሪጌታ ጸጥ አሉ፤ መዝሙር ቢነበብ ጸጥ አሉ። ያ ምዕራፍ ሲደርስ ብቻ ተቀበሉ። በዚያ ቀን ከመጨረሻው ስም በኋላ ምንም አልጨመሩም። ቄሱ ግን አማትበው ተነሡ።

«አባ፣ ምንድን ነው?» አለቻቸው ለቴ።

«አላውቅም፣ ልጄ። መምህሬ ጠንቋይ አይደሉም፤ ይህን አውቃለሁ።» መስቀላቸውን አሳለሟት። «ሰው ግን ጠንቋይ ያደርጋቸዋል። ደጁን ዝጊ። ለጠያቂ አታንብቢ። ለአባትሽ ብቻ አንብቢ።»

ደጁን ዘጋች። ለአባቷ ማንበቡን ግን እሷም ፈራች፤ ምክንያቷን ለቄሱ አልነገረችም። ለእኔ ነው የነገረችኝ። በእያንዳንዱ ንባብ የምትጠብቀው አንድ ስም ነበር። አንዳርጌ። በፊቱ «ለ» ትኑረው፣ አትኑረው። አምስት ዓመት ሙሉ አለማወቅን ለምዳዋለች፤ ከማታውቀው ነገር ጋር መብላት፣ መተኛት፣ ሥራ መግባት ችላለች። አሁን ግን ማወቂያው እዚያ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ከስሞቹ አንድ ቁጥር ቀደም ብላ ማቆም ጀመረች። አባቷ በደኅናው እጃቸው አልጋውን ይደበድባሉ። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ይፈሳል። አሥራ አንድ ቀን ጨከነች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጉሙ ከጧት ጀምሮ ነበር፤ ጭራሽ አልተገለጠም። ዶሮዎቹ ከቤት አልወጡም። አባቷም ከማለዳ ጀምሮ አልጋውን እየደበደቡ ነው። በመጨረሻ ተሸነፈችና አነበበች። ተቀበሏት። ጵርስቅላን፣ አቂላን፣ ጸሐፊውን፣ ወንድማችንን ጠሩ። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱና፣

«ቃለ አብም፣ ሳሌምም ሰላም ይሉሃል» አሉ።

ለቴ ግራ ገባት። ቃለ አብ የሚባል አታውቅም፣ ሳሌም የምትባልም አታውቅም። ደግሞ እስከዛሬ «ይላችኋል» ነበር የሚሉት፤ ይህኛው ለአንድ ወንድ ነው። ማን ነው? ብላ ሳትጨርስ መልሱ መጣላት፤ ወንድሟ። ቀና ስትል አባቷ ቀጣዩን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፍተዋል።

መዳፏን አፋቸው ላይ ጫነች።

«አባቴን አፈንኳቸው» አለችኝ፤ ይህን ስትነግረኝ ያንኑ እጇን በሌላው ይዛው ነበር። «ከንፈራቸው ከመዳፌ ሥር ይንቀሳቀሳል። ስሙን ቃል በቃል ቆዳዬ ሰማው። አንዳርጌ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን በፊቱ ‹ለ› ነበረች ወይስ በኋላው ‹ም›? ‹ም› ከሆነ ከንፈራቸው ይገጥም ነበር። ገጥሞ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔው ራሴ ገጥሜዋለሁና!»

እጇን ስታነሣ ንግግሩ አልቆ ነበር። እግራቸው ሥር ተደፍታ ለመነቻቸው። «አንዴ ብቻ ይድገሙት፣ አባባ። አልነካዎትም።» ደግማ አነበበች። ዝም አሉ። በማግሥቱ አነበበች። ስሞቹንም መቀበል ተዉ።

በሳምንቱ አባቷን ለቄስ ተስፋሚካኤል ባለቤት አደራ ሰጥታ ደብረ ብርሃን መጣች፤ ያረፈችው እኔ ቤት ነው። በነጋታው ባጃጅ ይዘን መጠለያው ሄድን። በዚያ ጊዜ በአንዳርጌ ስም ጠይቀን አልተሳካልንም፤ ለቴ ግን ስሞቹ የልጆቹ ሳይሆኑ አይቀሩም ብላ አሁን የምትጠይቀው ሌላ ነበር። በየድንኳኑ እየገባች «ቃለ አብና ሳሌም የሚባሉ ልጆች የነበሩት ሰው ታውቃላችሁ?» ትላለች። እኔ አፍሬ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ሁለት ቀን ዞርን። በሁለተኛው ቀን ልብስ የምታጥብ አዲስዓለም የምትባል ሴት እጇን ከአረፋው አወጣች።

«የቃለ አብ አባትን ነው? ወለጋ ጎረቤታችን ነበር፤ በልጁ ስም ነው የምናውቀው። እዚህ ብዙ አልቆየም። ስምህን አስመዝግብ ሲሉት የለኝም ብሎ ወጣ። ሰው ደነባ አጨዳ ላይ አየሁት ብሎኛል።»

«ልጆቹስ?» አለች ለቴ።

ሴትዮዋ እጇን መልሳ አረፋው ውስጥ ከተተች።

ወደ ደነባ ብቻዋን ነው የሄደችው፤ እኔ ፈረቃ ነበረብኝ። ኅዳር ነው፤ አገሩ ሁሉ ስንዴ ያጭዳል። ከእርሻ እርሻ ስትጠይቅ ውላ አንድ ማሳ ዳር ደረሰች። አምስት ስድስት አጫጆች ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ። ከነሱ ራቅ ብሎ አንድ ሽበታም ሰው ብቻውን ያጭዳል። ከአካሄዱ አወቀችው። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የአባቷን ያህል አርጅቷል።

«አንዳርጌ!»

ቀና አለ። አልሮጠም። ማጭዱን እንደያዘ ቆሞ አያት።

«እትዬ» አለ። «አባባ አረፉ ልትዪኝ ነው?»

«አሉ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አንተ ለምን አልመጣህም? አምስት ዓመት! አንድ ስልክ!»

ማሳው ውስጥ ቁጭ አለ። ገለባ እየሰበረ፣ «ብደውል አባባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ልጆቹ እንዴት ናቸው ብለው ነው» አለ። «ደህና ናቸው እንዳልል ውሸት ነው። እውነቱን እንዳልናገር አፌ አይከፈትም። እስኪከፈትልኝ ብዬ ቆየሁ። ወሩ ዓመት ሆነ።»

ሚስቱንና ሁለቱን ልጆች ያጣው በአንድ ቀን ነው። እንዴት እንደሆነ ለለቴ ነግሯታል፤ እሷ ለእኔ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ትንሹን ልጅ፣ ቃለ አብን፣ የወለዱት ስልኩ ሊጠፋ ወራት ሲቀረው ነበርና አንኮበር ስሙ አልተሰማም። የሳሌምንም ቢሆን እነርሱ የሚያውቁት በቤት መጠሪያዋ ነው፤ ሚሚ።

ለቴ ወንድሟ አጠገብ ቁጭ አለች። ምን እንደምትለው በመንገዱ ሁሉ አስባበት ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። የያዘችው አደራ ብቻ ቀረ።

«አባባ መልእክት ልከውልሃል» አለችው። «ቃለ አብም፣ ሳሌምም ሰላም ይሉሃል።»

እንደ ተመታ ሰው ብድግ አለ። «ማን ነገረሽ?» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ አጫጆች ቀና አሉ። «እነዚህን ስሞች ማን ነገረሽ? ከማን ሰማሽ?» ማጭዱን ወርውሮ ሄደ፤ ማሳውን አቋርጦ ሲርቅ፣ ሲያንስ አየችው። አልተከተለችውም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል እዚያው ተቀመጠች። ሲመለስ ፊቱ ታጥቦ ነበር።

«እንደገና በዪው» አላት።

አለችው። ደግሞ «እንደገና» አላት። ሦስት ጊዜ አስባላት። በሦስተኛው ልክ እንደ ሰላምታ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ።

አጨዳውን ጨርሶ ወደ ታኅሣሥ መጀመሪያ አንኮበር ገባ። መሪጌታ በደኅናው እጃቸው ፊቱን ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን። አልተናገሩም። ልጃቸው መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ለቴ እርግጠኛ አይደለችም፤ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ እጁን አለመልቀቃቸውን ብቻ ነው የነገረችኝ። ሲነጋ አንዳርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልጆቹ አወራላቸው። እሷ ከጓዳ ሆና ሰማች። ማን ምን ይወድ እንደነበር፣ ማን መብረቅ ይፈራ እንደነበር። እስኪረፍድ አወራ። በዚያው ሳምንት ቄስ ተስፋሚካኤል የሦስቱንም ፍታት አደረሱላቸው፤ ያለ ሬሳ፣ በስም።

መሪጌታ ያረፉት በጥር ነው፤ እህል ውሃ እንደተቀመጠላቸው፣ ሰው ሳያስቸግሩ። ለቴ ያን ምዕራፍ ዳግመኛ አላነበበችም፤ መጽሐፉን ለቄሱ ሰጥታቸዋለች። እኔ ለአርባቸው ሄጄ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጉሙ መጣ፤ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ወሬው ቀዘቀዘ። ከአጥሩ ወዲያ ኮቴ ተሰማ፣ ቆመ።

«ስም አለ?» አለ የሴት ድምፅ፤ ከሩቅ የመጣች ናት፤ የመሪጌታን ማረፍ አልሰማችም።

ለቴ አንገቷን ደፋች። ከወንዶቹ መካከል አንዳርጌ ተነሥቶ ወጣ፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጉሙ ዋጠው። ድምፁ ብቻ ይሰማናል።

«እማማ፣ መሪጌታ አርፈዋል።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። «እንግዲህ ማንን እጠይቃለሁ?» አለች።

«እኔንጃ» አላት። ከዚያ፣ «የማን ስም ነበር የመጡበት? ይንገሩኝ እስቲ» አላት። ምን እንደመለሰችለት አልሰማንም። ወደ መኪናው መንገድ ሲሸኛት የሁለቱ ኮቴ ቁልቁል እየራቀ ሄደ፤ እሷ ስታወራ፣ እሱ ሲያዳምጥ።